የአባባ ክኒን ከምሳ በኋላ ለምን አይሠራም?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ጀማዐው። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝ።

አባባ ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያስረው የአንጎል በሽታ ይዟቸዋል። የሚወስዱት ካርቢዶፓና ሌቮዶፓ አንድ ላይ ያለበትን ክኒን ነው፤ 25/250 የሚለውን (25 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ፣ 250 ሚሊ ግራም ሌቮዶፓ)። የጠዋቱ ግሩም ነው። ሱብሒ ሰግደው ይወስዱታል። ብዙም ሳይቆይ ፊታቸው ይፈታል፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ፣ ከዘራ ሳይዙ ፒያሳ ይወርዳሉ።

የቀትሩ ግን ወሰዱት አልወሰዱት አንድ ነው። ከምሳ ጋር ይውጡታል። ከዚያ አስር ሰላት እስኪደርስ ከወንበር አይነሱም። ተነስተው ቢሞክሩም የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬቱን ይዞ ቀጥ ይላል። ሙስበሃ ሲቆጥሩ አውራ ጣታቸው አንዷ ፍሬ ላይ ደርሶ እምቢ ይላል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይሄድም።

ክኒኑ ያው፣ መጠኑ ያው፣ ሰውየውም ያው ናቸው። ታዲያ ቀትር ላይ ምን ነካው?

ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አንዱ «መድኃኒቱ ባቄላ ውስጥ አለ፣ ባቄላ አብላቸው» ይለኛል። ሌላው ስልክ ላይ ያየውን «የአንጎል ቫይታሚን» ካልገዛህ ብሎ ቀልቤን ነሥቶኛል። የምታውቁ ካላችሁ በእናታችሁ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ፣ ፋርማሲስት)፦

አላህ ያሽርልህ ወንድሜ። ሁለት ነገር ንገረኝ። ምሳ ምን ይበላሉ? ከክኒኑ ጋር የሚወስዱት ሌላ መድኃኒትስ አለ?

የጦሳ ልጅ፦

ሽሮ ወይም ምስር። ሲገኝ ሥጋ። ወተት ይወዳሉ። ደም ማነስ አለ ተብሎ አይረን ታዞላቸዋል፤ እሱም እንዳይረሳ ከምሳ ጋር ነው የሚሰጣቸው።

ቦርከና ማዶ፦

በል መልሱን ራስህ ጻፍከው።

ሌቮዶፓ ትንሽዬ ሞለኪውል ነው። በዘሩ አሚኖ አሲድ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሥጋው፣ ወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የሚወጣውም አሚኖ አሲድ ነው። በተለይ ሉሲን፣ ቫሊን፣ ፌኒላላኒን የሚባሉት ከሌቮዶፓ ጋር የሚጋሩት መንገድ አለ። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ሲሻገሩ የሚጠቀሙት ማጓጓዣ ተመሳሳይ ነው።

በበዓል ዋዜማ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርደውን ሚኒባስ አስቡ። ወንበሯ የተቆጠረ ነው። ጠዋት ሌቮዶፓ ብቻውን መናኸሪያ ይደርሳል፣ ይሳፈራል። ቀትር ላይ ግን አንድ ትሪ ሙሉ ሰልፈኛ ከፊቱ ቆሟል። ተራው ደርሶ የሐረጎን ቁልቁለት እስኪወርድ ጊዜው ያልፍበታል። ሌቮዶፓ ደም ውስጥ የሚቆየው ለትንሽ ጊዜ ነውና። ካርቢዶፓ ደግፎት እንኳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግማሹ ከደም ይወገዳል።

አይረኑ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ብረቱ ሌቮዶፓን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ተያይዘው ሳይዋጡ ይወርዳሉ። ስለዚህ ሁለቱን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቃቸው።

ክኒኑን ከምሳ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ካልሆነም ከበሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይውሰዱ። መጠኑን ግን አንተ እንዳትነካው። ሰዓቱን ስትቀይርም ለሚከታተላቸው ሐኪም ንገር፤ የቀትሩ መድኃኒት በደንብ መዋጥ ሲጀምር አንዳንዴ ያለፈቃድ መወዛወዝ ያመጣል።

ፕሮቲን ይቁም ያለኝ ሰው እንዳይኖር! በፓርኪንሰን የታመመ ሰው ቶሎ ይከሳል። ቀን ቀለል ያለ ነገር፣ አትክልት፣ ድንች በእንጀራ ይብሉ። ሽሮውና ሥጋው ወደ ማታ ይሂድ። ማታ ላይ እግር ቢጎተት ቀን ላይ እንደሚጎተተው አይጎዳም።

እሙ ሐያት (ደሴ)፦

እኔ እናቴን ነው የማስታምመው። ያለችው ነገር እውነት ነው፣ ይቅርታ ያለው 😀 ቦርከና ወንድ ነህ ሴት አላውቅም።

የገጠመንን ልንገርህ። እማዬ በባዶ ሆድ ስትወስደው ያቅለሸልሻታል። ሐኪሙ በደረቅ ነገር ትውሰደው አለን። አሁን ክኒኑን ስትውጥ የቂጣ ጠርዝ ቆረስ አድርጌ እሰጣታለሁ፤ ወተት ግን አላስጠጋም። ተሻላት።

ረመዷን ላይ ነው የተቸገርነው። «እጾማለሁ» ብላ ድርቅ አለች። ኢማሙም ሐኪሙም ናቸው ያሳመኗት። በራሷ ፈቃድ መድኃኒቱን ብታቆም አደጋ ነው አሉን፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ግትር ብሎ ከባድ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። የምትጾሙም የምታስጾሙም ይህን ዕወቁ። ለክርስቲያኖቹም ያው ነው። የዐቢይ ጾም ምግብ ሥጋ የለውም እንጂ ሽሮና ምስሩ ፕሮቲን ነው፣ «ጾም ስለሆነ ችግር የለም» የሚባል ነገር የለም።

ኩታበር ላይ ያደግኩ፦

ስለ ባቄላው እኔ ልግባ። ባቄላ ስንዘራ፣ ስናጭድ ነው ያደግነው፤ ቆይቶም ትምህርቴ በእርሻ ሆነ።

ጎረቤትህ ከአየር ላይ አላወራም። ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ፤ ራሱ፣ ያው ሞለኪውል። እ.ኤ.አ. በ1913 ባዝል ላይ ማርከስ ጉገንሃይም የሚባል የኬሚስትሪ ሰው ከባቄላ ለይቶ አወጣው። ምን ይሠራል ብሎ 2.5 ግራም ራሱ ዋጠው። ክፉኛ አስታወከው። በወቅቱ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አላወቀም፤ አሥርተ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ይህ ማስታወክ ነው ቁልፉ። ሌቮዶፓ ብቻውን ሲዋጥ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ ሰውነት ውስጥ ወደ ዶፓሚን ይቀየራል፤ ዶፓሚን ማለት ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አንጎል ውስጥ የሚጎድለው፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ሞለኪውል ነው። ከአንጎል ውጭ መቀየሩ ነው የሚያስታውከው። ካርቢዶፓ የተጨመረው ለዚህ ነው፤ አንጎል ውስጥ አይገባም፣ ደም ውስጥ ያለውን ቅየራ ብቻ ያግዳል። ባቄላው ውስጥ ካርቢዶፓ የለም።

ሁለተኛው ነገር መጠኑ ነው። እሸቱና ለጋ ቆባው ላይ ብዙ አለ። በቆልቱም ላይ ከፍ ይላል። የደረቀው ፍሬ ላይ ይቀንሳል፣ ቆሎ ሆኖ ሲቆላ ወይም ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ደግሞ ይበልጥ። እንደ ዘሩና እንደ ማሳው ይለያያል። ስለዚህ ዛሬ የበላኸው እሸት ነገ ከምትበላው ጋር እኩል አይደለም። ክኒን ላይ 250 ሲል 250 ነው።

በ1992 የታተመ ትንሽ ጥናት ባቄላ የበሉ ታማሚዎች ደማቸው ውስጥ ሌቮዶፓ ከፍ እንዳለና እንቅስቃሴያቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። አልክድም። ግን ክኒን የሚወስድ ሰው ላይ በላዩ ላይ ባቄላ ስትጨምር መጠኑን አንተም ሐኪሙም አታውቁትም። ደግሞ ባቄላው ራሱ ፕሮቲን ነው፤ በአንድ እጁ ይሰጣል በሌላው ይነሣል።

አንድ ልጨምር፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። ባቄላ ውስጥ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ሌሎች ትንንሽ ሞለኪውሎች ቀይ የደም ሴላቸውን ያፈርሱባቸዋል። እሸት በልቶ ዓይኑ ቢጫ የሆነና ሽንቱ የጠቆረ ሰው ካያችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት።

ባቄላ ይብሉ፣ የቤታችን ምግብ ነው። መድኃኒት ነው ብላችሁ አትስፈሩላቸው እንጂ።

ሰኞ ገበያ፦

ይቅርታ፣ የሚገርመኝ ነገር አለ። የጎደለው ዶፓሚን ከሆነ ዶፓሚን ራሱን ለምን አይሰጡም? ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን? ደግሞ ከተሰጠስ ለምን አይድንም?

ፒፔት (ደሴ ተወልጄ፣ ላብ ውስጥ የማድር)፦

ሰኞ ገበያ፣ ጥሩ ጠየቅክ።

ዶፓሚን ብትውጥም ብትወጋም አንጎልህ አይገባም። የአንጎል ደም ሥር ግድግዳ አያሳልፈውም። ሌቮዶፓ ግን ቦርከና እንዳለው አሚኖ አሲድ ስለሆነ ይሻገራል። ከተሻገረ በኋላ ኢንዛይም ትንሽ ጫፉን ይቆርጥና ዶፓሚን ያደርገዋል።

ይህ እንዴት እንደታወቀ ሳስበው ይደንቀኛል። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን የአንጎልን ዶፓሚን የሚያሟጥጥ ሬሰርፒን የሚባል መድኃኒት የተሰጣቸውን ጥንቸሎች ይዞ ነበር። ጆሯቸውን ጥለው ፈዘው ቁጭ ብለዋል። ሌቮዶፓ ወጋቸው። ተነስተው መሄድ ጀመሩ። በ1960 ቪየና ላይ ሆርኒኪየቪችና ባልደረባው ፓርኪንሰን ኖሮባቸው የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚኑ ነጥፎ አገኙት። በ1967 ኮትዚያስ አሜሪካ ውስጥ በአፍ የሚሰጠውን መጠን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ ሰዎች ከወንበር እንዲነሱ አደረገ። ካርልሰን በ2000 ኖቤል አገኘ። የጉገንሃይም የመደርደሪያ ዱቄት ሥራ ለማግኘት ግማሽ ክፍለ ዘመን ፈጀበት ማለት ነው።

ለምን አይድንም? የሚሞተው ዶፓሚን የሚሠራው ሴል ስለሆነ ነው። እኛ የምንሰጠው ምርቱን እንጂ ፋብሪካውን አይደለም። ሴሎቹ ያሉት መካከለኛው አንጎል ውስጥ፣ ሰብስታንሺያ ኒግራ የምትባል ጠቆር ያለች ቦታ ላይ ነው። የምትጠቁረው ዶፓሚን ራሱ ከኦክሲጅን ጋር ሲቃጠል በሚተወው ቀለም ነው። እነዚህ ሴሎች የሚሠሩት ነገር እነሱኑ የሚያቃጥል ነው። ይህን የሚያበርድላቸው ግሉታታዮን የሚባል ሌላ ትንሽ ሞለኪውል አለ፤ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ላይ እዚያው ቦታ አንሶ ይገኛል። ብረቱ ደግሞ በዝቶ ይገኛል። ብረትና ቃጠሎ አንድ ላይ አይመቹም። (ይህ የአንጎሉ ብረት ነው፤ የአባባን አይረን አታቋርጡ፣ ሰዓቱን ብቻ አራርቁ።)

አንድ ሞለኪውል ብቻውን ይህን ሁሉ ማድረግ እንደሚችል ያየነው በ1982 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በድብቅ የተሠራ ዕፅ ተወጉ። በቀናት ውስጥ የሽማግሌ ፓርኪንሰን ያዛቸው፤ አይንቀሳቀሱም፣ አይናገሩም። ዕፁ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል ነገር ገብቶ ነበር። አንጎል ውስጥ ኤምኤኦ ቢ የሚባል ኢንዛይም ወደ መርዝ ይቀይረዋል፤ መርዙ ዶፓሚንን ወደ ሴል በሚያስገባው በር ይገባና የሴሉን ኃይል ማመንጫ ይዘጋል። ለዚህ ነው ዶፓሚን ሴሎቹን ብቻ መርጦ የጨረሳቸው።

አብዛኛው ታማሚ ግን ኤምፒቲፒ አልነካውም። እሱ ላይ የምናየው አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ባለ 140 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ተጠቅልሎ ሴሉ ውስጥ ሲከማች ነው። ሴሉ ይህን ፕሮቲን ከልኩ በላይ እንዳይሠራ የሚቆጣጠሩ ነገሮች አሉት። አንዱ ማይክሮ አር ኤን ኤ 7 ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት ርዝመታቸው 22 ፊደል ገደማ ነው፤ እንዲህ አጭር ሆነው የጂን ትእዛዝ ላይ ተለጥፈው «በቃ፣ ይብቃህ» ይላሉ። ያገኟቸው አምብሮስና ረቭኩን በ2024 ኖቤል ወስደዋል። ቁጥር 7 አልፋ ሲኑክሊንን እንደሚቀንስ ላብ ውስጥ ታይቷል። እንደ መድኃኒት አንጎል ውስጥ ማድረሱ ግን ገና ነው፤ ያው የግድግዳው ጉዳይ።

አሁን ስለ «አንጎል ቫይታሚኑ»። ሐሳቡ ቂል አይደለም፤ ቃጠሎ ካለ ማብረጃ እንስጥ ነው። ግን ተሞክሯል። ቫይታሚን ኢ በትልቅ ጥናት ተሞክሮ በ1993 ውጤቱ ወጣ፤ ምንም። ኮኤንዛይም ኪው10 በ2014፤ ምንም። ዩሪክ አሲዳቸው ከፍ ያለ ሰዎች በሽታው ቀስ ይልላቸዋል ተብሎ ዩሪክ አሲድ የሚጨምር መድኃኒት ተሰጠ፣ በ2021 ውጤቱ ወጣ፤ እሱም ምንም። አንድ ሞለኪውል አንሶ መገኘቱና እሱን በውጭ መሙላት መጥቀሙ ለየቅል ናቸው። ያንን ብር ለመድኃኒቱ አስቀምጠው።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)፦

ልጆች፣ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ። መምህር ነበርኩ። ፓርኪንሰን ሲባል ሰው ሁሉ ስለ መንቀጥቀጥ ያወራል፤ እኔን የሚያስቸግረኝ እሱ አይደለም። መጀመሪያ የጠፋኝ ሽታ ነው። ቤት ውስጥ ቡና እየተቆላ እኔ አይሸተኝም ነበር፤ ባለቤቴ «ጉንፋን ነው» ትላለች። ከዚያ ሌሊት በሕልሜ እየተጣላሁ እሷን መምታት ጀመርኩ። አልጋ ለየን። መንቀጥቀጡ የመጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ማንም አላያያዘውም።

ጥያቄዬ ይኸው። ቡና ይከላከላል ሲባል እሰማለሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ሳላስተርፍ ጠጥቻለሁ። ታዲያ?

ፒፔት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። የነገሩን ነገር መጽሐፉ ላይ እንዳለው ነው። የአልፋ ሲኑክሊን ክምችቱ ሽታ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ላይ ቀድሞ ይታያል።

ስለ ቡናው፣ በ2000 የወጣ ጥናት ሃዋይ ውስጥ ከ8,000 የሚበልጡ ወንዶችን ለ30 ዓመት ተከታትሎ ቡና የሚጠጡት ላይ ፓርኪንሰን አነስ ብሎ አገኘው። ካፌይን አንጎል ውስጥ የአዴኖሲንን መቀበያ ይዘጋል፤ እዚያው መቀበያ ላይ የሚሠራ ኢስትራዴፊሊን የሚባል መድኃኒትም አሜሪካ በ2019 ፈቅዳለች። ግን «አነስ ይላል» ማለት «አይመጣም» ማለት አይደለም። ከታመሙ በኋላ ካፌይን ክኒን የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በ2017 በወጣው ጥናት እንቅስቃሴያቸው አልተሻሻለም። በረካውን ግን አይተዉት፣ እሱ ለሌላ ነገር ነው።

የሐርቡ ልጅ፦

ጫትስ? አጎቴ «ስቅም ሰውነቴ ይፈታል» ይላል። እሱም ታሟል።

ፒፔት፦

ሊሰማው ይችላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሴል ያጠራቀመውን ዶፓሚን እንዲለቅ ያደርጋል። አዲስ ግን አይሠራም። ፓርኪንሰን ላይ ጎተራው ራሱ ባዶ እየሆነ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል። የሆድ ድርቀት በራሱ የዚህ በሽታ ዋና ጣጣ ነው። ደግሞ የሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ካሉ ሐኪሙ ጫቱን ማወቅ አለበት። ያፍራል ብላችሁ አትደብቁለት።

ቦርከና ማዶ፦

ከመርሳቴ በፊት አንድ ወሳኝ ነገር። እሙ ሐያት ማቅለሽለሽ ስትል ያስታወሰችኝ ነው።

ያቅለሸለሸው ሰው ፋርማሲ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ለፓርኪንሰን ታማሚ አይሆንም። ይህ ሞለኪውል አንጎል ይገባና የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋል። በአንድ በኩል ሌቮዶፓ እየሰጣችሁ በሌላ በኩል በሩን ትቆልፋላችሁ። ጤነኛ ሰው ላይ ራሱ ሲቆይ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም እንደዚሁ። ለማቅለሽለሽ ዶምፔሪዶን የሚባለው አንጎል ብዙም ስለማይገባ የተሻለ ነው፤ እሱም ልብ ስለሚነካ በሐኪም ብቻ።

ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ «ፓርኪንሰን አለባቸው» በሉ። ምንም ልትገዙ ብትሄዱ።

የጦሳ ልጅ፦

ኑሩልኝ። ከሐኪሙ ጋር በስልክ ተነጋግረን የቀትሩን ከምሳ በፊት አደረግነው፣ አይረኑ ወደ መኝታ ሰዓት ሄደ። ሽሮው ማታ ሆነ። አባባ «የሽሮዬን ሰዓት ማን ፈቀደላችሁ» ብለው ተቆጥተዋል፣ ግን ትናንት ከዙሁር በኋላ ራሳቸው በር ከፍተው ወጡ።

አሁን የቀረኝ ቁርስ ነው። ዓርብ ዓርብ ፉል ይወዳሉ። ፉልም ባቄላ ነው አይደል?

ኩታበር ላይ ያደግኩ፦

ባቄላ ነው። ደርቆ ለሰዓታት የተቀቀለ ስለሆነ ሌቮዶፓው ላይ ብዙ ተስፋ አታድርግ፤ ፕሮቲኑ ግን አለ። እንደ ሽሮ ቁጠረው።

ቦርከና ማዶ፦

ክኒኑን ሱብሒ ላይ ከወሰዱ ፉሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይምጣ። ደብተር ያዝ። ክኒን የወሰዱበትን፣ የበሉበትን፣ እግራቸው የተፈታበትንና የታሰረበትን ሰዓት ጻፍ። ለሐኪሙ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። «ቀትር ላይ አይሠራም» ብለህ ብቻ ብትሄድ መጠን ሊጨምርላቸው ይችል ነበር።

እሙ ሐያት፦

ደብተሩ ላይ እኔም እስማማለሁ። በዚያው፣ ኮምቦልቻ ላይ 25/100 ያለው ፋርማሲ የምታውቁ አላችሁ? ደሴ ጠፍቷል። 25/250 ግማሽ እያረግሽ ስጫት አሉኝ።

ቦርከና ማዶ፦

እንዳታደርጊው እህቴ። ግማሹ 125 ሌቮዶፓ ነው፣ ካርቢዶፓው ደግሞ ወደ 12.5 ይወርዳል። ማቅለሽለሽ ያለባት እናት ላይ ይህ ያስቸግራል። መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ። እስከዚያ የታዘዘውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ነገ ጠዋት ዞሬ አያለሁ።